የተሸጠ ቡድን፣ ያልተሸጠ ፍቅር

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚሸጠውን ከማይሸጠው ለይቶ ለማኖር ሲጥር ኖሯል። በሬ ይሸጣል፤ እህል ይሸጣል፤ ጉልበትም ሳይቀር በቀን ዋጋ ይተመናል። እምነት፣ ፍቅርና ታማኝነት ግን ወደ ገበያ የወጡ ዕለት ስማቸውን ያጣሉ። በገንዘብ የመጣ ወዳጅ ገንዘቡ ሲያልቅ ይሄዳልና፣ ወዳጅ ሳይሆን ደንበኛ ይባላል። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1785* ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ይህንኑ ልዩነት ዋጋ ባለውና ክብር ባለው ነገር መካከል አኑሮታል። ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ተመጣጣኝ ነገር ሊለወጥ ይችላል፤ ክብር ያለው ግን ምትክ አይገኝለትም። (*በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁንና ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ ተደርበው ቢገኙስ? በጨረታ የተገዛ፣ ባለቤት ያለው፣ ትርፍና ኪሣራው በየዓመቱ የሚሰላ ድርጅት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ከልባቸው የሚወዱት፣ ሲሸነፍ የሚያዝኑለት፣ ስሙን ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ነገር ሆኖ ቢገኝ፣ ያ ፍቅር ምን ይባላል? የነጋዴ ወጥመድ ውስጥ የገባ የዋህነት ነውን? ወይስ ከወጥመዱ በላይ የሆነ ሌላ ነገር አለበት? ጥያቄው በየአገሩ ስፖርት ውስጥ አለ። በግልጽ የሚታየው ግን በሕንድ አገር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ቡድኖቹ የተሸጡበት ቀንና የተሸጡበት ዋጋ በውል ይታወቃል።

ክሪኬት እንግሊዞች በቅኝ ግዛት ዘመናቸው ወደ ሕንድ ያስገቡት፣ ሕንዶች ግን ከጌቶቻቸው ወስደው የራሳቸው ያደረጉት ጨዋታ ነው። በእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በእንጨት ዱላ እየመታ ነጥብ ያስቆጥራል። በጥንታዊ ሥርዓቱ አንድ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። በ2003 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው አጭሩ ዓይነት ግን ለእያንዳንዱ ወገን 120 ኳስ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ጨዋታው በሦስት ሰዓት ያህል ያልቃል። በ2007 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የመጀመሪያው የአጭር ክሪኬት የዓለም ዋንጫ ሕንድ አሸናፊ ስትሆን፣ የሕዝቡ ስሜት ወደዚህ አዲስ ዓይነት ጨዋታ ተሳበ። የአገሪቱ የክሪኬት ቁጥጥር ቦርድም ጊዜ ሳያጠፋ የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ የተባለውን ውድድር አቋቋመ።

የሊጉ ቡድኖች አወላለድ ከሌሎች ቡድኖች አወላለድ የተለየ ነበር። በጥር 2008 ቦርዱ ስምንት ቡድኖችን በጨረታ ሸጠ፤ የጠቅላላው ዋጋ ከ723 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆነ። ከሁሉም የተወደደው የሙምባይ ቡድን ወደ 112 ሚሊዮን ዶላር፣ ከሁሉም የረከሰው የራጃስታን ቡድን 67 ሚሊዮን ዶላር ወጣባቸው። በስፖርት ንግድ ቋንቋ ፍራንቻይዝ የሚባለው ይህ ነው፤ በአንድ ከተማ ስም ቡድን የማቋቋም መብት ማለት ነው። በዚያ ቀን የተሸጡት ቡድኖች ተጫዋች አልነበራቸውም፤ ማሊያ አልነበራቸውም፤ ያሸነፉበትም ሆነ የተሸነፉበት ቀን አልነበራቸውም። በየካቲት ወር ተጫዋቾቹ ራሳቸው በጨረታ ቀረቡ። ሚያዝያ 18 ቀን የመጀመሪያው ግጥሚያ በባንጋሎር ሲከፈት፣ ከሦስት ወር በፊት ያልነበረ ቡድን የከተማ ልጆች ደረታቸውን የሚነፉበት ኩራት ሆኖ ነበር።

ይህን ያየ ተጠራጣሪ ሦስት ክርክሮችን ማቅረቡ የማይቀር ነው። አንደኛ፣ ፍቅሩ የተፈበረከ ነው ይላል። የቀድሞዎቹ የስፖርት ማኅበራት ከፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሰፈር ልጆች ወይም ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተወለዱ በመሆናቸው አብሮ የመኖር ጥላ ነበሩ፤ አዲሶቹ ግን የማስታወቂያ ቢሮ ልጆች ናቸው። ሁለተኛ፣ ፍቅሩ መያዣ የለውም ይላል። ተጫዋቾቹ በየጊዜው ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፤ ዛሬ የተወደደው ነገ በተቃራኒው ወገን ይሰለፋል። ሦስተኛ፣ ደጋፊው የሚወደው ነገር የእርሱ አይደለም ይላል። ባለቤቱ ሲፈልግ ይሸጠዋል፤ ውሉ ሲፈርስ ያጠፋዋል። እነዚህ ክርክሮች ቀላል አይደሉም፤ ተራ በተራ ሊመረመሩ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው ክርክር፣ የተወረሰ ፍቅር ንጹሕ፣ የተፈጠረ ፍቅር ግን ሐሰት እንደሆነ አድርጎ ይነሣል። የራሷ የሕንድ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። በቦምቤ ከተማ ከ1892 ጀምሮ አውሮፓውያንና ፓርሲዎች በየዓመቱ ይጋጠሙ ነበር። በ1907 ሂንዱዎች፣ በ1912 ሙስሊሞች ተጨመሩ፤ በ1937 ደግሞ ክርስቲያኖችንና ሌሎችን ያቀፈ አምስተኛ ቡድን ገባ። በዚያ ውድድር ማንም ደጋፊ ቡድኑን አልመረጠም፤ ከአባቱ እምነት ጋር ወረሰው እንጂ። ማንም ባለሀብት አልገዛውም፤ ማንም የማስታወቂያ ቢሮ አልፈጠረውም። ነገር ግን አገሪቱ ወደ መከፋፈል በምታመራበት ዘመን ሕዝብን በሃይማኖት አሰልፎ የሚያፎካክር ጨዋታ አደገኛ እንደሆነ ብዙዎች ተናገሩ። ማኅተማ ጋንዲም በ1940 ተቃውሟቸውን ገለጡ፤ ውድድሩም በ1946 ቀረ። እንግዲህ ያልተገዛ ታማኝነት ሁሉ መልካም አይደለም። ከደም የመጣ ነው ተብሎ የተከበረ ስሜት ጎረቤትን ከጎረቤት ሊለያይ ይችላል።

በአንጻሩ፣ በጨረታ የተገዛው የከተማ ቡድን ደጋፊውን አባቱ ማን እንደሆነ አይጠይቀውም። በአንድ ረድፍ የተቀመጡት ሂንዱና ሙስሊም፣ ሀብታምና ድኻ አንድ ቀለም ለብሰው አብረው ይነሣሉ፤ አብረውም ይቀመጣሉ። ይህ ማለት ሊጉ ከአገሩ ጥላቻ ነጻ ነው ማለት አይደለም። የፓኪስታን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች በመጀመሪያው ዓመት ተሰልፈው ከዚያ ወዲህ ከሊጉ ውጭ መቅረታቸው፣ ፖለቲካ ከስታዲየሙ በር እንደማይመለስ ያሳያል። ቢሆንም ቡድኑ ትናንት የተፈጠረ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይሆንም።

የማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ታሪክ ይህን ነጥብ ያጠናክራል። ዶኒ በሰሜናዊው አገር በራንቺ ከተማ የተወለደ ሰው ነው። በ2008 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የቼናይ ቡድን ሲሆን፣ ቼናይ ደግሞ የታሚል ቋንቋ ኩራት የጸናባት፣ በ1965 የሂንዲን ቋንቋ በግድ መጫን በመቃወም ሕዝብ አደባባይ የወጣበት አገር ርእሰ ከተማ ናት። በሚዛን ቢታይ ሰውየው ለከተማይቱ ባዕድ ነበር። ነገር ግን ዓመት ዓመትን ሲተካ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ መሪ ብሎ ሰየመው፤ እንደ ቤተሰብም ቆጠረው። ጨረታው ሊያደርግ የቻለው ሰውየውን ወደ ከተማይቱ ማምጣት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ልጅነቱ የተጀመረበት ቀን ስለሚታወቅ ልጅ አይደለም የሚል ማን ነው? ጋብቻም ቢሆን በውል ይጀመራል፤ ትዳር የሚሆነው ግን በውሉ አይደለም። የአንድ ነገር አጀማመር የነገሩን እውነተኛነት አይወስንም።

ሁለተኛው ክርክር ወደ አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይመራል። የጥንት ግሪኮች ስለ ቴሴውስ መርከብ ይከራከሩ ነበር። የመርከቢቱ እንጨት እየበሰበሰ አንድ በአንድ ሲለወጥ ኖሮ በመጨረሻ የቀድሞው ሳንቃ ባይቀር፣ መርከቢቱ ያችው ናት ወይስ ሌላ? ቡድንም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ፣ ማሊያው፣ አንዳንዴም ስሙ ይለወጣል። ታዲያ ደጋፊው የሚወደው የትኛውን ነው?

የካልካታ ከተማ ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን በራሷ ላይ አየችው። የከተማይቱ ልጅና የቀድሞው የሕንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሱራቭ ጋንጉሊ የካልካታ ቡድን የመጀመሪያ አምበል ነበር። በ2011 በተደረገው ጨረታ ግን ቡድኑ አልገዛውም፤ ሌላም ገዢ አልተገኘለትም። የከተማይቱ ሕዝብ ተቆጣ፤ ተቃውሞም ተነሣ። በኋላ ጋንጉሊ የፑኔን ቡድን ተቀላቀለና ግንቦት 5 ቀን 2012 የካልካታን ቡድን ለመግጠም በገዛ ከተማው ኤደን ጋርደንስ ስታዲየም ገባ። በዚያ ቀን ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ከተማይቱን የሚወክለው ቡድኑ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከተማይቱን የሚወክለው ልጇ ነው ያሉም ነበሩ። የካልካታ ቡድን በሰባት ነጥብ ብቻ አሸነፈ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ ያው ስታዲየም በደስታ ሞላ።

ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የተከፋፈለው ሕዝብ በዋንጫው መደሰቱን ያየ ሰው፣ ሕዝብ ተለዋዋጭ ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ነገሩን በጥልቀት ለተመለከተ ግን ሌላ ትርጉም ይገኝበታል። ጆሳያ ሮይስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1908 ስለ ታማኝነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ታማኝነት ሰዎችን እርስ በርሳቸው ለሚያስተሳስር ዓላማ የሚሰጥ ፈቃደኛ አገልግሎት መሆኑን አስረድቷል። በዚህ ዐይን ሲታይ የካልካታ ደጋፊ የታመነው ለማሊያው ብቻ ወይም ለሰውየው ብቻ አይደለም። የታመነው በአንድ ስታዲየም ውስጥ በአንድ ነገር ለሚያዝንና በአንድ ነገር ለሚደሰት ማኅበር ነው። ጋንጉሊ የማኅበሩ የትዝታ ክፍል ነው፤ ቡድኑም የማኅበሩ የነገ ተስፋ ነው። ሕዝቡ የተከፈለው ፍቅሩ ስላነሰ ሳይሆን፣ ባለቤቶቹ በአንድ ላይ የነበሩትን ሁለት ነገሮች ስለለያዩበት ነው። የመርከቢቱም ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ሳንቃዎቹ ቢለወጡም ተሳፋሪዎቹ እነዚያው ናቸው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው፤ እውነት አለበትና። በ2010 የፑኔና የኮቺ ከተሞች ቡድኖች፣ አንዱ በ370 ሚሊዮን፣ ሌላው በ333 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። የኮቺ ቡድን አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ተጫውቶ፣ ባለቤቶቹ የባንክ ዋስትና ሳያቀርቡ በመቅረታቸው በ2011 ውሉ ፈረሰ። የፑኔውም ቡድን በ2013 ቀረ። የሃይደራባዱ ዴካን ቻርጀርስ በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ፣ በ2009 ግን ዋንጫውን ያነሣ ቡድን ነበር። ከውራነት ተነሥቶ ለአክሊል የበቃ ቡድን ለደጋፊው ታላቅ የተስፋ ምሳሌ ነው። ነገር ግን በ2012 በባለቤቶቹ የገንዘብ ችግር ምክንያት ውሉ ተሰረዘ፤ ከተማይቱም በሌላ ባለቤት፣ በሌላ ስምና በሌላ ቀለም የሚጠራ ቡድን ተሰጣት። በሕግ ረገድ የተፈጸመው የአንድ ውል መቋረጥ ነው። በደጋፊው ረገድ ግን አስከሬን የሌለው ቀብር ነው። ለቅሶው እውነተኛ ሲሆን፣ ለቅሶ የሚደርስለት አልነበረም።

ከዚህ የባሰም አልጠፋ። በ2013 በተነሣው የውርርድና የጨዋታ ማጭበርበር ቅሌት ሳቢያ የቼናይና የራጃስታን ቡድኖች ባለቤት ድርጅቶች በ2015 ለሁለት ዓመት ታገዱ። ጥፋቱ ከባለቤቶቹ ወገን የነበሩ ሰዎች ጥፋት ነበር፤ ቅጣቱ ግን ለደጋፊውም ደረሰው። ክፍተቱን ለመሙላት በ2016 እና በ2017 ብቻ የሚጫወቱ ሁለት ቡድኖች በፑኔና በራጅኮት ተቋቋሙ። የሚሞቱበት ቀን ከሚወለዱበት ቀን ጋር አብሮ የተነገረላቸው ቡድኖች ነበሩ። የፑኔው ቡድን በ2017 ለፍጻሜ ግጥሚያ ደርሶ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። ለማንኛውም ደጋፊ እንዲህ ያለውን ሽንፈት የሚያስታግሠው የሚመጣው ዓመት ነው። የፑኔ ደጋፊ ግን የሚመጣ ዓመት አልነበረውም። ተስፋን ለሁለት ዓመት ብቻ አከራይቶ መልሶ መውሰድ፣ በሕግ ፊት ባያስጠይቅም በኅሊና ፊት ያስጠይቃል።

ነገር ግን የዚያው እገዳ ታሪክ ሌላ ገጽም አለው። የቼናይ ደጋፊ ለሁለት ዓመት የሚያየው ጨዋታ፣ የሚገዛው ቲኬት አልነበረውም። ፍቅሩ የሸቀጥ ፍላጎት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሸቀጡ ከገበያ ሲጠፋ ወደ ሌላ መደብር በሄደ ነበር። በ2018 ቡድኑ ሲመለስ ደጋፊው በቦታው ተገኘ። በዚያው ወር በካቬሪ ወንዝ ውሃ ክፍፍል ምክንያት በከተማይቱ ተቃውሞ በመነሣቱ የቼናይ ጨዋታዎች ወደ ፑኔ ሲዛወሩ፣ ቡድኑ ባዘጋጀው ልዩ ባቡር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ለመጀመሪያው ጨዋታ የደረሱ ደጋፊዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት ቼናይ ዋንጫውን ወሰደ። ባቡሩ ግን ከዋንጫው ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ለደጋፊው ዕዳ እንዳለበት በተግባር ያመነበት ጊዜ ነበር።

ዋንጫ ብቻውን ፍቅርን እንደማይገዛ ደግሞ በቅርቡ የተቋቋሙት ቡድኖች አሳይተዋል። በጥቅምት 2021 ሁለት አዳዲስ ቡድኖች ለጨረታ ቀረቡ። የላክናው ቡድን በ70.9 ቢሊዮን ሩፒ፣ የአሕመዳባዱ የጉጃራት ቡድን በ56.25 ቢሊዮን ሩፒ ተሸጡ። የጉጃራት ቡድን በ2022 በመጀመሪያ ዘመኑ፣ በገዛ ከተማው ስታዲየም፣ ከ100,000 በላይ ተመልካች ፊት ዋንጫውን አነሣ። ከዚህ በላይ ምን ሊመኝ ይቻላል? በማግሥቱ ዓመት በዚያው ስታዲየም ለፍጻሜ ሲቀርብ ግን የገጠመው ቼናይ ነበርና መቀመጫው ሁሉ ለዶኒ በመጣ ቢጫ ለባሽ ተሞላ። በዝናብ ምክንያት ወደ ማግሥቱ ተላልፎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባበቃው በዚያ ጨዋታ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ኳሶች ዐሥር ነጥብ መትቶ ቼናይን ለድል ያበቃው ራቪንድራ ጃዴጃ ራሱ የጉጃራት ተወላጅ ነው። ባለሜዳው ቡድን በገዛ ቤቱ እንግዳ መሰለ።

በዚህ የጉጃራትን ሕዝብ መውቀስ አይገባም። አንድ ዓመት ጊዜ ነው፤ ትዝታ ግን ከአንድ ዓመት የበለጠ ይፈልጋል። በአንጻሩ የባንጋሎር ቡድን ከ2008 ጀምሮ 17 የውድድር ዘመናት ያለ ዋንጫ ሲጫወት፣ ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ሲሸነፍ፣ ደጋፊው አልቀነሰም። በየዓመቱ ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው ይላል፤ በየዓመቱ ይሸነፋል፤ በማግሥቱም ዓመት ይህንኑ ይደግማል። ተመልካች ይስቅበታል። ነገር ግን አብሮ የታገሡት ሐዘን ከአብሮ የበሉት ግብዣ ይልቅ ሰውን እንደሚያቀራርብ የማያውቅ ማን ነው? የገዢው ገንዘብ ጥሩ ተጫዋች ሊገዛ፣ በጥሩ ተጫዋችም ድል ሊገዛ ይችል ይሆናል። ሽንፈትን አብሮ መታገሥን ግን ከየትም ሊገዛ አይችልም።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ለደጋፊው የሚያደላ ይመስላል። ነገር ግን ታማኝነት የራሱ ኃጢአት አለው። የጉጃራትን ቡድን በ2022 ለዋንጫ፣ በ2023 ለፍጻሜ ያደረሰው አምበል ሃርዲክ ፓንድያ በ2023 መገባደጃ ወደ ቀድሞ ቡድኑ ወደ ሙምባይ ተዛወረ። ለቡድኑ አምስት ዋንጫ ባስገኘው በሮሂት ሻርማ ቦታም አምበል ሆነ። ዝውውሩ በሊጉ ሕግ የተፈቀደ ነበር፤ የአምበልነቱንም ሹመት የሰጡት ባለቤቶቹ እንጂ እርሱ ራሱን አልሾመም። በ2024 ግን በአሕመዳባድ የተወው ሕዝብ፣ በሙምባይ ደግሞ የተመለሰበት ሕዝብ በጩኸት አዋረደው። አንዱ ስለሄደ፣ ሌላው ስለመጣ ቀጣው። በዚያው ዓመት ሰኔ 29 ቀን በባርባዶስ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻዎቹን ስድስት ኳሶች ወርውሮ ሕንድን ለድል ካበቃት በኋላ፣ ሐምሌ 4 ቀን በዚያው በሙምባይ ስታዲየም ስሙ በእልልታ ተጠራ። ሰውየው በሦስት ወር ውስጥ አልተለወጠም።

በዚህ ላይ የደጋፊው ክርክር በራሱ ላይ ይመለሳል። ባለቤቱን እኔ የምትቆጥረኝ ገንዘብ አይደለሁም፣ ሰው ነኝ የሚል ደጋፊ፣ ተጫዋቹንም እንደ ዕቃ ሊቆጥረው አይገባም። ባለቤቱ ያጠፋውን ጥፋት በአቅራቢያው በተገኘው ሰው ላይ መወጣት፣ ጌታውን ፈርቶ አሽከሩን እንደመምታት ያለ ነው። ክብር ያለው ነገር ለአንዱ ወገን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ክብር መሆኑ ይቀርና ሌላ ዓይነት ዋጋ ይሆናል።

የባለቤቱ ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳየው ግን የ2025 ሰኔ ነው። ሰኔ 3 ቀን የባንጋሎር ቡድን በዐሥራ ስምንተኛው ዘመኑ በመጨረሻ ዋንጫውን አገኘ። በማግሥቱ ቡድኑ ወደ ከተማው ሲመለስ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ተስፋ በአንድ ቀን ወደ ቺናስዋሚ ስታዲየም በሮች ጎረፈ። በሮቹ ያን ሁሉ ሰው ሊያስተናግዱ አልቻሉም፤ በተፈጠረው መረጋገጥ 11 ሰዎች ሞቱ፤ በደርዘን የሚቆጠሩም ቆሰሉ። የቡድኑ ባለቤቶች ለሟቾቹ ቤተሰቦች ገንዘብ እንደሚሰጡ አስታወቁ፤ ጥያቄው ወደ አጣሪዎችና ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የሕግ ተጠያቂነቱ የዳኞች ጉዳይ ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ዳኛ ሳይጠብቅ ይነሣል። የሊጉ ጨዋታዎች ከ2023 እስከ 2027 የሚሠራጩበት መብት ከ483 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የተሸጠው፣ ይህ ሕዝብ ጨዋታውን እንደሚከታተል ስለታመነ ነው። ሀብቱ የመጣው ከፍቅሩ ከሆነ፣ ያ ፍቅር በደጅ ሲቆም በሩን አስፍቶ፣ መንገዱን አስተካክሎ፣ ነፍሱን ጠብቆ መቀበል የመጀመሪያው ዕዳ አይደለምን?

ባለሀብቱ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ገንዘቤን አውጥቻለሁ፤ ኪሣራውን ተሸክሜአለሁ፤ ቡድኔን እንዲወድልኝ ማንንም አላስገደድሁም ይላል። የመጨረሻው ቃል እውነት ነው፤ አላስገደደም፤ ነገር ግን ጋብዟል። የከተማይቱን ስም በማሊያው ላይ ጽፎ ይህ የእናንተ ነው ብሎ አውጇል። የከተማ ስም ደግሞ ቦርዱ ያልፈጠረው፣ ባለሀብቱም ያልገዛው፣ ትውልዶች ኖረው የሠሩት ነገር ነው። የሌላውን ንብረት በእጁ የያዘ ሰው በአማርኛ ባለቤት አይባልም፤ ባለ አደራ ይባላል። የገንዘቡ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ የስሙና የፍቅሩ ግን ባለ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ጥብቅ ነው።

ይህ የምኞት ቃል ብቻ አይደለም፤ በሕግ መልክ ሊጻፍም ይችላል። በጀርመን የእግር ኳስ ሊግ ከ1998 ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት፣ ባለሀብት በአንድ ቡድን ገንዘቡን ቢያፈስም፣ ከጥቂቶች በቀር በሁሉም ቡድኖች የድምፁን አብላጫ የሚይዘው የአባላቱ ማኅበር ነው። የሕንዱ ሊግ እንዲህ ያለ ደንብ የለውም። ሁሉም አገር የጀርመንን መንገድ ይከተል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ደጋፊ በውሳኔ ላይ ድምፅ ይኑረው ቢባል ሊጉ ይፈርሳል የሚለው ክርክር በተግባር ፈርሷል። ቢያንስ ቡድን ሲፈርስ ደጋፊው አስቀድሞ ይነገረው፣ ቅጣት ሲቀጣ በጥፋተኛው ላይ ብቻ ይረፍ፣ በዓል ሲጠራ የሰው ነፍስ ይጠበቅ ማለት ከማንም ሀብት ላይ የማይቀንስ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደተነሣው ጥያቄ ሲመለስ፣ በጨረታ የተገዛ ቡድን የሚወደድበት ፍቅር ሞኝነት ነው ማለት አይቻልም። ፍቅሩ በገበያ መካከል ተወልዷል፤ ነገር ግን ገበያው አልወለደውም። ገበያው መድረኩን ሠራ፤ ማኅበሩን የሠሩት በዝናብ የጠበቁት፣ በባቡር የተጓዙት፣ ለዐሥራ ሰባት ዓመት ተሸንፈው ያልሸሹት ናቸው። በሕንድም ሆነ በሌላ አገር ነገ አዲስ ቡድን ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው ተጫራች ሰነዱን ተረክቦ ይሄዳል። በሰነዱ ላይ የከተማው ስም፣ የውሉ ዘመንና የገንዘቡ ልክ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ወደ ስታዲየሙ የሚመጡት ሰዎች በዚያ ሰነድ ላይ የሉም፤ ሰነዱ ዋጋ የሚኖረው ግን እነርሱ ከመጡ ነው። ይህን ያወቀ ገዢ ከፈረመበት ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳ መሆኑን ያውቃል።